ጅማ ላይ ላፕቶፕ ለምትሸጡ

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከዋጋው ላይ የሚቀንሰው በአብዛኛው ስለጠረጠረ ነው። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ዲስኩ ሊሞት የደረሰ መሆኑን፣ ዕቃው የተሰረቀ ይሁን አይሁን አያውቅም። ስለማያውቅም ሁሉንም ክፉ አድርጎ አስቦ ዋጋ ይጠራል። ሻጩ «ምንም አላለም፣ አዲስ ማለት ነው» ከማለት ሌላ የሚያሳየው ከሌለ፣ ድርድሩ ሳይጀመር ተሸንፏል። ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት ማስረጃ አዘጋጁ።

ከዋጋው እንጀምር። የገዛችሁበትን ዋጋ እርሱት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከዚያ በፊት የተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ስለዛሬ ዋጋ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ቴሌግራም ላይ ከእናንተ ማሽን ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ስምንት አሥር ማስታወቂያዎችን ፈልጉ። አንድ ዓይነት ስል ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ጄኔሬሽን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ)፣ የራሙን መጠን፣ የዲስኩንም ዓይነት ነው። «ኮር አይ ፋይቭ» ብቻውን ምንም አይናገርም፤ 4ኛውም 11ኛውም ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ይባላል። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፦ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 1135 ከሆነ 11ኛ ነው። በጣም ውዱንና በጣም ርካሹን ጣሉ። መሐል ላይ የሚቀረው የተጠየቀ ዋጋ እንጂ የተሸጠበት አይደለም፤ ገዢ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ማለቱ ስለማይቀር ለእሱ የሚሆን ቦታ ተዉ። ከዚያ ከተማው ውስጥ ሁለት የኮምፒዩተር ሱቆች ገብታችሁ በስንት እንደሚገዙ ጠይቁ። ሱቅ አትርፎ ስለሚሸጥ ዝቅ አድርጎ ይጠራል፤ ያ ዋጋ የታችኛው ወሰናችሁ ነው፣ ከእሱ በታች ለማንም አትስጡ።

የጄኔሬሽኑ ነገር አሁን ከድሮው የበለጠ ያመዝናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ማሽናችሁ 7ኛ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይህን ደብቆ መሸጥ ነውር ነው፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ያለ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ ወዲያው ይደርስበታል። በግልጽ ተናግራችሁ ለጽሑፍና ለንባብ ለሚፈልገው ሰው ሽጡት።

ማስረጃው ሁለት ነው። አንደኛው የባትሪ ሪፖርት፦ ዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት በሚባለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚቀበለው መስኮት በኩል ራሱ ያወጣዋል። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። 48,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 31,200 ከሆነ 65 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ጻፉት። ሁለተኛው የዲስክ ጤንነት ነው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሸ ሴክተር እንዳለው ያሳያል። ቢጫ ምልክት ካወጣ ዲስኩን ቀይራችሁ ሽጡ ወይም ዋጋውን ቀንሱለት። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና ሳይነቀል ለሰው አይሰጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፋይል በማጥፋቱ ላይ ነው። ዲሊት ማድረግም ሆነ ኩዊክ ፎርማት ፋይሉን አያጠፋውም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚሰርዘው፣ ብዙ ጊዜ ማንም በነፃ ፕሮግራም ሊመልሰው ይችላል። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ካለ፣ መክፈቻ የሆነውን ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ጻፉት፤ ባዮሱን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማስተካከያ ገጽ) ከነካችሁ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከዚያ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት የሚለው ጋ ገብታችሁ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን፣ ቀጥሎም ዲስኩን አጽዳ የሚለውን ምረጡ። እዚህ ላይ ዲ የሚባለውን ክፍል አትርሱ፤ ፎቶውና የመመረቂያ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ዊንዶውስ ያለበትን ክፍል ብቻ ካጸዳችሁ ዲ እንዳለ ይቀራል። ሁሉም ድራይቮች የሚለውን ምረጡ። ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ለመጽዳት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ መሐል ላይ መብራት ሄዶ ባትሪውም ካለቀ ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላልና ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ ጀምሩ።

አሁን አንድ ችግር ይመጣል። ሪሴት የተደረገ ማሽን ሲበራ አዲስ አካውንት ይጠይቃል፤ ገዢው ታዲያ በምን ይሞክረው? የራሳችሁን አካውንት መልሳችሁ እንዳታስገቡ፣ ለማጽዳት የደከማችሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የተሻለው መንገድ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ኡቡንቱ የተባለ ነፃ ሲስተም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ከፍላሹ አስነሥቶ «ሳይጭኑ መሞከር» በሚለው ምርጫ መክፈት ነው። ዲስኩን ሳይነካ ኪቦርዱን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን ሁሉ ያሳያል። የባትሪና የዲስክ ሪፖርቶቹን ደግሞ ከሪሴቱ በፊት አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ፎቶ በቀን ብርሃን አንሱ፤ የተሰነጠቀ ማዕዘንና የላላ ማጠፊያ ካለ እሱንም ጨምሩ። መጥቶ ያየው ሰው ያልተነገረው ጭረት ሲያገኝ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል። የሲሪያል ቁጥሩን ግን ፎቶው ላይ አታሳዩ።

ለርክክቡ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ጋር ሆናችሁ ተገናኙ። ገዢ «ወስጄ ለወንድሜ ላሳየው» ካለ ወንድሙ ይምጣ፤ ራም ወይም ዲስክ ተቀይሮ የሚመለሰው እንዲህ ሲወጣ ነው። በጥሬ ብር ከከፈለ እዚያው በማሽን ይቆጠር፤ ሐሰተኛ ኖት ካለ ገዢው ሳይሄድ ይታወቃል። በቴሌብር ወይም በባንክ ካስተላለፈ የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ፤ ስልካችሁ ላይ የመጣ መልእክትም ብቻውን በቂ አይደለም፤ በሐሰት ይሠራል። የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳቡን እዩ። ኔትወርክ እምቢ ካለ ተቀምጣችሁ ጠብቁ እንጂ ላፕቶፑ ከእጃችሁ አይውጣ።

ውል በሁለት ቅጂ ጻፉ፦ ቀኑ፣ የሁለታችሁ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ የተከፈለው ብር፣ የተነገረው ጉድለት፣ ሁለት ምስክር። ሲሪያል ቁጥሩን ከግርጌው ተለጣፊ ብቻ ሳይሆን ከባዮሱም አረጋግጡ፤ ተለጣፊ ይቀየራል። የመጀመሪያው ደረሰኝ ካለ አብሮ ይሰጥ፤ ገዢው ነገ ፖሊስ ቢጠይቀው የሚያሳየው እሱን ነው።

ቤት ስትገቡ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ካሉት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ያንን ማሽን አውጡት፤ ቴሌግራም ላይም መሣሪያዎች የሚለውን ከፍታችሁ የዚያን ላፕቶፕ መግቢያ ዝጉ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ «ስልክህ ላይ የሚመጣውን ኮድ ንገረኝ» የሚል ሰው ቢኖር፣ ገዢው ራሱም ቢሆን፣ ኮዱን አትስጡት። ላፕቶፑ በትክክል ከተጸዳ የእናንተን ኮድ የሚፈልግበት ምንም ምክንያት የለም።