ህዳር ላይ የተቀዳ ውሃ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ እቆጥራለሁ። ጓደኞቼ ስለ ሥራዬ ሲጠየቁ "በዓይን የማይታይ ነገር እየቆጠረች ደሞዝ ትበላለች" ይላሉ። ውሸት አይደለም።

ህዳር ሲገባ ከአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጠርሙስ ውሃ ይመጣልናል፣ ከአባ ሳሙኤል ግድብ። "ጥራቱ ታይቶ ሪፖርት ይደረግልን" የሚል ማህተም ያረፈበት ደብዳቤም አብሮት አለ። ጠርሙሱን ያመጣውን ልጅ "በሌላም ወር አምጡልን እንጂ" ስለው፣ "እህቴ፣ ያው ውሃ አይደል? አንዱ አይበቃም እንዴ?" አለኝ። አይበቃም። ምክንያቱን እዚህ ልጻፈው፤ በደብዳቤ ብልከው ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው።

አባ ሳሙኤል ሩቅ ይመስለናል እንጂ ውሃው የኛው ነው። ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ባንተይቀጡ መሀል ከተማውን አቋርጠው ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባሉ። ትንሹ አቃቂ ደግሞ በምዕራብ በኩል ይወርዳል። ሁለቱም የሚገናኙት እዚያ ግድብና በዙሪያው ባለው ረግረግ ላይ ነው። ከግንፍሌ ድልድይ ላይ የተጣለ ነገር ሁሉ አድራሻው እሱ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ጭቃ ይሆናል። ሰው "ተበከለ" የሚለውም ያኔ ነው። ጎርፉ አፈርና ቆሻሻ ጠራርጎ ማውረዱ እውነት ነው። ግን ያው ጎርፍ ፍሳሹን ያቀጥነዋል። ብርሃን ድፍርሱን ዘልቆ አይገባም፣ ስለዚህ አልጌ፣ ብርሃን እየተመገበ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ ነገር፣ አይበዛም፤ የበቀለውንም ወራጁ ይዞት ይሄዳል። ውሃ አጣርታ የምትበላው ዳፍኒያ የምትባል ደቃቅ እንስሳም ሆዷ በሸክላ አፈር ይሞላል። የክረምት ናሙና ስቆጥር ከሕይወት ይልቅ ደለል ነው የማየው። ዓይኔን ያቃጥለኛል።

ከመስከረም በኋላ ደለሉ ይረጋል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ጎርፉ ያመጣው ማዳበሪያ ውሃው ውስጥ አለ። ዲያቶም የሚባለው አልጌና አረንጓዴ አልጌ ይነሳሉ፤ ዳፍኒያም እነሱን እየበላች ትበዛለች። በደንብ ከበላች ውሃው ይጠራል። ዲያቶም ቅርፊቱ ከሲሊካ ነው፣ እንደ መስታወት። ሉጎል የሚባለውን አዮዲን ጠብ ጠብ አድርጌ፣ ውሃው የቀጭን ሻይ መልክ ሲይዝ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከታች የዘቀጠውን ቀድቼ አንድ ሚሊ ሊትር በምትይዘው መቁጠሪያ መስታወት ላይ አደርጋለሁ። የህዳር ናሙና ሲሆን ሥራዬን እወዳለሁ፤ የማይታይ ዓይነት የለም። መሥሪያ ቤቱ ጠርሙሱን የሚልክልን እንግዲህ ውሃው ሠርግ ላይ ባለበት ሰሞን ነው!

ጉዱ የሚመጣው ከጥር ወዲያ ነው። የወንዞቹ ውሃ ይቀንሳል፤ በከተማችን ወንዞች በጋ ላይ ከሚወርደው ብዙው የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ይከማቻል። ውሃው ይሞቃል፣ ይረጋል። ይሄ ማይክሮሲስቲስ ለሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በዓሉ ነው። በሴሎቹ ውስጥ የአየር ከረጢት ስላለው ወደ ላይ ተንሳፎ ብርሃኑን ይሻማል። ተጣብቆ ስለሚጓጉልም ለዳፍኒያ አፍ አይመችም። እሷ ስትመናመን ቦታዋን ሮቲፈር የሚባሉት ከሷ ያነሱ ጥቃቅን እንስሳት ይወስዱታል። ከነሱ ብራኪዮነስ የሚባለውን በጣም ነው የምወደው። እሱን አድኖ የሚበላ ትልቅ ሮቲፈር አካባቢው ካለ ልጆቹ ረዘም ያለ እሾህ ይዘው ይወለዳሉ። ይሄን እያየሁ ሻይ ሰዓት ያልፈኛል።

ወሩ ብቻ አይደለም፣ ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። የባህር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ቢጠግብ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አባ ሳሙኤል ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን 7 አካባቢ ነው። ጣራው ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ነው። አልጌ የሞላበት ውሃ ከሰዓት በኋላ ከጣራው በላይ ያመርታል፤ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹም፣ ከ9 ሊያልፍ ይችላል፣ ያኔ ከፍሳሹ የመጣው አሞኒያ ወደ መርዛማው መልኩ ይዞራል። ሌሊት ግን ሁሉም ይተነፍሳል እንጂ የሚያመርት የለም። ጎህ ሲቀድ ኦክስጅኑ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ዓሣ የሚሞተው ያኔ ነው። ናሙና የሚቀዳው ደግሞ ሾፌርም አበልም በሚገኝበት በቀን አምስት ሰዓት ነው! መሣሪያው "ኦክስጅን በቂ ነው" ይላል፣ እኛም እንጽፋለን።

እንቦጩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ በጣናም ምክንያት። ስለሱ አልደግምም። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃውን ሲሸፍነው አልጌው ከታች ብርሃን ያጣል፣ ስለዚህ በእንቦጭ ሥር የተቀዳ ናሙና ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከየት እንደተቀዳ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው። ወሩና ሰዓቱም እንዲሁ።

ለሪፖርቱ አራት ጠርሙስ ጠይቄያለሁ፦ የነሐሴ፣ የህዳር፣ የየካቲትና የሚያዝያ፤ የየካቲቱ ንጋት ላይ የተቀዳ። መልስ አልመጣም።

እስከዚያው በአቃቂ ዳር ከብት ለምታጠጡ፦ በበጋ ነፋሱ ወደሚገፋበት ዳር የተሰበሰበ፣ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ውሃ ካያችሁ ከብቱን አታስጠጉ። ማይክሮሲስቲስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመርት ይችላል። ማፍላት አልጌውን ይገድለዋል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ውሻችሁንም ያዙ፤ ጠጉሩ ላይ የቀረውን ይልሰዋል።