ኤልሳቤጥ በየሀገሩ
ዛሬ ቪየና የምሰራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት ሀንጋሪያዊት እናት ገቡ፣ በራቸው ላይ የሚለጠፈውን ስም ስጽፍ "ኤርዤቤት" ብለው ቀስ አድርገው አስጠሩኝ፣ ኤልሳቤጥ እኮ ነው! የእናቴ ስም፣ የመጥምቁ ዮሐንስ እናት ስም ስላቸው እጄን ይዘው አለቅም አሉ። ስሙ የወጣላቸው በንጉሥ ልጅ በቅድስት ኤልሳቤጥ ነው አሉኝ፣ ያቺ ጀርመን ማርቡርግ ሆስፒታል አሰርታ በሽተኛ በገዛ እጇ ስታስታምም ኖራ እ.ኤ.አ. በ1231 በ24 ዓመቷ ያረፈችው፣ በጣም ነው የምወዳት።

ፖላንዶች ኤልዥብዬታ፣ ራሺያኖች ዬሊዛቬታ፣ ጣልያኖች ኤሊዛቤታ ይሏታል፣ ስፔኖች ግን ኢሳቤል፣ የቀድሞዋን የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥን ራሱ ኢሳቤል 2ኛ ነው የሚሏቸው። ውጭ ያላችሁ እስቲ እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚጠሯት?