ከታንክ እስከ ፓምፕ፦ አራት ሜትር ቧንቧ

የሙቅ ውሃ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ይንኳኳል። «ኢንጂነር፣ ይሄ ፓምፕ ጠጠር እየፈጨ ነው፤ አዲስ ይገዛ» አሉኝ የጥገና ኃላፊው። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ከታንኩ ወደ ፓምፑ በሚመጣው ባለ 2 ኢንች መስመር ላይ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ብቻ።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው የቧንቧውን የግፊት ብክነት አስልቶ፣ ለኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) እና ለቫልቭ 30 ከመቶ ጣል ማድረግ ነው። ለረጅም መስመር ያስኬዳል። ለአጭር ግን ጉድ ይሠራል። ስለዚህ ወረቀት ይዤ መስመሩን በእግሬ ተከተልኩት። ሥዕሉ ላይ ሁለት ኤልቦ፣ መሬት ላይ አራት። ሥዕሉ ላይ ውሃውን ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ ጌት ቫልቭ፣ መሬት ላይ ውሃውን የሚያጣምም ግሎብ። ፍላንጁ (በብሎን የሚታሰረው መጋጠሚያ) ከገጠመ ማን ልብ ይላል!

ከዚያ ለእያንዳንዱ የኬ ቁጥሩን፣ ማለትም የውሃውን ግፊት ምን ያህል እንደሚበላ የሚለካውን ቁጥር፣ ሰጠሁት። አንዱ ኤልቦ 0.57 ገደማ፣ የታንኩ መውጫ 0.5፣ ግሎብ ቫልቩ ብቻውን 6.5። ቀጥ ያለው ቧንቧስ? 1.5 እንኳ አይሞላም። ድምሩ 10.7 መጣ። ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር ሲሄድ እያንዳንዱ ኬ 0.2 ሜትር የውሃ ከፍታ ይበላል። በጠቅላላው 2.2 ሜትር ጠፋ ማለት ነው።

ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ጅቡቲ ቢሆን ኖሮ ይሄ ችግር ባልሆነ። አዲስ አበባ ላይ ግን የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። 80 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ደግሞ ግፊቱ ከ47 ከወረደ ይፈላል። በመሃል የምትተርፈን 3 ሜትር የውሃ ከፍታ ናት፤ ጅቡቲ 5.6 ይተርፍ ነበር። ታንኩ ከፓምፑ 1.5 ሜትር ከፍ ይላል። እሱን ደምረን ብክነቱን ስንቀንስ 2.3 ሜትር ይቀራል። ውሃው እንዳይፈላ የፓምፑ ካታሎግ መግቢያው ላይ የሚጠይቀው 3 ነው። ውሃው እዚያው ፓምፑ ውስጥ እየፈላ ነበር፤ የሚንኳኳውም አረፋው ተመልሶ ሲከስም ነው።

ግሎቡ ወጣ፤ ቀዳዳው ሙሉ የሆነ ቦል ቫልቭ ገባ። የእሱ ኬ ከ0.1 በታች ነው። ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 3.6 ሜትር ሆነ፣ መንኳኳቱም ቆመ። የ0.6 ሜትር ትርፍ ግን ለእኔ ትንሽ ናት። ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም ሁለቱ ትርፍ ኤልቦዎችም ይነሳሉ።

አንድ ነገር፦ እነዚህ ቁጥሮች ለውሃ ናቸው። ወደ ወፍራም ሽሮፕ መስመር ይዛችኋቸው አትሂዱ። የሬይኖልድስ ቁጥር (ፈሳሹ ሲወፍር ወይም ሲዘገይ የሚያንሰው የፍሰት መለኪያ) ሲወርድ ኬ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ የምጠቀመው ዊሊያም ሁፐር እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን ባለ ሁለት ኬ ቀመር ነው። በዚህ ስሌት ሬይኖልድስ 100 ላይ የአንድ ኤልቦ ኬ ከ8 ያልፋል።