ባዶ ወፍጮ አይዘፍንም

ቅዳሜ ማታ፣ ደሴ

ዛሬ ወፍጮ ተሸክመን ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። የእጅ ወፍጮ፣ ድንጋዩን ማለቴ ነው። አራት ሰዎች ታችኛውን ድንጋይ በጆንያ አንጠልጥለው ከፊት፣ እኔ መጁን እንደ ሕፃን አቅፌ ከኋላ። ደረጃው አጋማሽ ላይ ስንደርስ አንድ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ «ቤት ልትቀይሩ ነው?» አለን። «ዘፈን ልንቀርጽ ነው» አልነው። በሩን ዘጋው። አልፈረድኩበትም።

የሙዚቃ ማኅበራችን እስከ ዛሬ ስም የለውም። ስም ለማውጣት ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስት ጊዜ ተኳርፈን ተለያይተናል። አንዱ «ጦሳ» ይባል ይላል፤ ሌላው የተራራ ስም ለባንክና ለሆቴል ይሁን ይላል። ስም ባይኖረንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የሚቀር የለም። ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ነርሶች፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ጥቂት ተማሪዎች፤ በጠቅላላው አሥራ ስምንት ነን። ክራር ስድስት፣ መሰንቆ ሦስት፣ ከበሮ አንድ አለን። ዋሽንቱን አልቆጥርም፤ ዋሽንት ነፊያችን እንደየዜማው የሚያወጣቸውን አጭርና ረጅም ሸምበቆዎች በቦርሳ አጭቆ ስለሚዞር ቁጥራቸውን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። የእኔ መሣሪያ ደብተር ነው። በመጀመሪያው ቀን ድምፄን ሰምተው ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ።

መምህራችን ከልጅነታቸው ጀምሮ በመሰንቆ ያደሩ አዝማሪ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ በመጣ ጊዜ ከቤታቸው ይዘው የወጡት መሰንቋቸውንና አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ከልጆቹ ጋር ያለባቸው ጠብ ቅኝት ላይ፣ ክሮቹ በሚስተካከሉበት ድምፅ ላይ ነው። ልጆቹ ክራር የሚቃኙት በስልክ ነው፤ መርፌዋ መሀል ላይ ስትቆም ደስ ይላቸዋል። እርሳቸው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙና «ስልኩ የሚያውቀው ፒያኖ ነው» ብለው ሦስተኛዋን ክር በጣም በትንሹ ያላሏታል። ያኔ ክራሩ ክራር ይሆናል። ትዝታ የሚባለውን ቅኝት ከሙሉ ወደ ግማሽ ለመለወጥ ከድምፆቹ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ እንደሚበቃ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። መጫወት ባልችልም ይህን ማወቄ ያኮራኛል።

ደሴ ተቀምጦ ስለ ቅኝት መከራከር ደግሞ የተለየ ጣዕም አለው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የጎረቤቶቻችን ስም ናቸው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቅ ከተማ ናት። አምባሰል ሐይቅን አልፎ በወልድያ መንገድ ላይ ነው። ሰው አገሩን በዜማ ስም ሲጠራ ትንሽ ቢኮራ ምን ይፈረድበታል።

እኔ የቀበሌ ኪነት ቡድን ልጅ ነኝ። በደርግ ጊዜ ካኪ ለብሰን አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈን ዘምረናል። ዜማው የአያቶቻችን፣ ግጥሙ የስብሰባ ነበር። ያንን ጊዜ አላሞግሰውም፤ ከበሮ መምታት የተማረው ትውልድ ግን እዚያ እንደተማረ አልክድም። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፅም ከዚሁ ከወሎ፣ ከላሊበላ ኪነት ነው የወጣችው። ያ ልማድ ሳይሆን አይቀርም ዛሬም ተሰልፈን፣ ስድስቱን ክራር አንድ ላይ አስጩኸን መጫወት የሚያስደስተን። መምህራችን ይህን አይወዱትም፤ መሰንቆ የአንድ ሰው ነገር ነው ይላሉ። ጡረተኛው አስተማሪያችን ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን እየጠቀሱ ይከራከሯቸዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ትውልደ ግብፁ የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያንን ቡድን ሲያቋቁም፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ ሲመሩት፣ ከየአገሩ የመጡ፣ ቀድሞ ጎን ለጎን ያልተቀመጡ መሣሪያዎች አንድ መድረክ ላይ ተጫውተዋል። «እነርሱ ከቻሉ እኛ ለምን አንችልም?» ይላሉ። «እነርሱ ይለማመዱ ነበር» ይመልሳሉ መምህራችን። ከዚህ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

ወደ ወፍጮው ልመለስ። ከነርሶቻችን አንዷ ከወራት በፊት «አያቴ የወፍጮ እንጉርጉሮ ያውቃሉ» አለችን። ከሁለት ሳምንት በፊት ስልክና ማይክሮፎን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ፣ ዱዓ ተደረገ። እማማ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ። ግጥሙ የጠፋቸው መስሎን «አይዞዎት፣ ቀስ ብለው» አልናቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሱ ጥቂት ዝም አሉና «ይህ እኮ ዘፈን አይደለም ልጄ፤ ሥራ ነው» አሉኝ። «ወፍጮ አምጡልኝና አብሽሩ።»

ወፍጮ በደሴ ከተማ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየሁት ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊያችን ኩታበር ካሉ ዘመዶቻቸው ግቢ አገኙልን፤ ዶሮ ውኃ ይጠጣበት ነበር። እማማ ቤት እንዳንቀርጽ ደግሞ ጎረቤታቸው የሞተር ወፍጮ ቤት ነው፤ ከጧት እስከ ማታ ያጓራል። የእንጉርጉሮውን ሥራ የወሰደው ሞተር እንጉርጉሮውን እንዳንቀርጽ ከለከለን። ለዚህ ነው ድንጋዩ ሁለተኛ ፎቅ የወጣው። እማማም ወጡ፤ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ከእኛ ቀድመው።

ድንጋዩን ባዶውን ሊያስፈጫቸው የፈለገ ልጅ ነበር። ለድምፁ ብቻ ነው አለ። እማማ አላስጨረሱትም፤ «ባዶ ወፍጮ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም።» ስለዚህ እኔ ሮጥኩ፤ ሁለት ኪሎ ገብስ ገዝቼ ታች ሻይ ቤቱ ምድጃ ላይ በጥድፊያ ቆልቼ መጣሁ። እማማ ጥቂት ፍሬ በመዳፋቸው አገላብጠው አዩ። ምንም አላሉም።

ከዚያ ጎንበስ አሉ።

ያየሁትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ልሞክር። መጁ ወደፊት ሲሄድ ስንኙ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያመለጠውን ፍሬ በመዳፋቸው ወደ ድንጋዩ መሀል ሲሰበስቡ ዜማው ጸጥ ይላል። ሳሎን ውስጥ የጎደለባቸው ይህ ጸጥታ ነበር። የሚተነፍሱት፣ የሚቀጥለውን ስንኝ የሚያስቡት እዚያች ላይ ነው፤ እጃቸው ሥራ ካልያዘ ቦታዋን አያገኟትም። አንዱ ልጅ በክራር ሊከተላቸው ሞከረ፤ ከሦስት ምት በኋላ ክራሩን ጭኑ ላይ አስተኛው። መምህራችን መሰንቋቸውን አላነሡም። ደጋኑን ይዘው እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከሁሉም ይህቺ ቀረችብኝ፦

እህሉንስ ፈጨሁት አደቀቅሁት በእጄ፣
የማይደቅ ናፍቆት ነው የላከልኝ ልጄ።

ልጃቸው ሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ሠራተኛ ከሆነች ቆይታለች። ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሲጨርሱ የእኛ ጉድ ጀመረ። ዜማው ግማሽ ትዝታ ነው፣ የለም አምባሰል ነው። ሁለቱ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው መነሻና ማረፊያቸው ነው። እማማ ደግሞ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ አርፈዋል። አስተማሪው ወረቀት አወጡ፣ ልጆቹ ስልክ አወጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ራሳቸውን ጠየቅናቸው። «እኔ የፈጨሁት ገብስ ነው» አሉ፤ ነጠላቸው ላይ የተበተነውን ዱቄት እያራገፉ።

ዱቄቱን በሶ አድርገን በላነው። ከየትኛው ወጪ ላይ እንደምጽፈው ግን ግራ ገባኝ። «ምግብ» ብዬ ብጽፍ አመራሩ ይጠይቀኛል፤ የምግብ በጀት የለንም። «የቀረጻ መሣሪያ፦ ገብስ፣ 2 ኪሎ» ብዬ ጻፍኩ።

እማማ ሲወጡ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጂውን ለልጃቸው እንድንልክላት። ነርሷ እዚያው ላከችላት። መልሱ ቅድም፣ እራት ስበላ ነው የደረሰኝ። በድምፅ የተላከ መልእክት ነው። መጀመሪያ ረጅም ዝምታ፣ ከሩቅ የሕፃን ልቅሶ፣ ቀጥሎ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እማ፣ ገብሱን ማነው የቆላልሽ? አልበሰለም እኮ፤ ድምፁ ያስታውቃል።»