የማን ስምንት ሰዓት?

ትራንዚት ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ስሠራ ጅቡቲን የማውቃት በወረቀትና በስልክ ነበር። ወደቡ ዶራሌ፣ የባቡር ጣቢያው ነጋድ፣ የድንበር በሩ ጋላፊ፣ የመኪና ማቆሚያው ፒኬ 12። በቀን ሃያ ጊዜ እጠራቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም። ባሕርም አይቼ አላውቅም። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አለቃዬ ጠርቶኝ «ረቡዕ ትሄጃለሽ» ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ኮንቴይነሩ አይደለም፤ ባሕሩ ነው። ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የዱቄት ፋብሪካ መለዋወጫ ይዞ ወደብ ላይ ቆሟል። ማኒፌስቱ፣ ማለትም የመርከቡ የጭነት ዝርዝር ላይ የተጻፈው ክብደትና ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ማለትም የጭነት ሰነዱ ላይ ያለው አልገጠመም። አንዲት አኃዝ ናት የተሳሳተችው። የመርከቡ ወኪል የማስተካከያ ደብዳቤ ካልጻፈ ዴሊቨሪ ኦርደር የሚባለው የዕቃ መልቀቂያ ወረቀት የለም፤ ዴሊቨሪ ኦርደር ከሌለ ዕቃው ንቅንቅ አይልም። በስልክና በኢሜይል ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ዕቃው ያለ ክፍያ የሚቆይባቸው ቀናት ደግሞ ሐሙስ ያልቃሉ። ከዓርብ ጀምሮ ቆጣሪው ይሮጣል፤ አንዱ ለወደቡ፣ አንዱ ለኮንቴይነሩ ባለቤት። ዓርብና ቅዳሜ ጅቡቲ ውስጥ የዕረፍት ቀን ነው። ቢሮ ይዘጋል፤ ቆጣሪው ግን አይዘጋም።

ስለዚህ ዕቅዱ አጭር ነበር። ረቡዕ ልገባ፣ ሐሙስ ወረቀቱን ልጨርስ፣ ሐሙስ ማታ መኪናው ጭኖ ሊወጣ። ሹፌሩ ፒኬ 12 ቆሞ ይጠብቃል።

ረቡዕ ጠዋት አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ። እንዳስፈራሩኝ አልጋለም። «በሐምሌ ብትመጪ ነበር የሚገባሽ» አለኝ የታክሲው ሹፌር። በአማርኛ! ታክሲዎቹ አረንጓዴና ነጭ ናቸው። ቆጣሪ ብሎ ነገር የለም፤ ከመግባትሽ በፊት መደራደር ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ገንዘባቸው ፍራንክ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን። ለዓመታት እዚያው ላይ የተቸነከረ ስለሆነ የጥቁር ገበያ ወሬ አይሰማም። የብራችንን ነገር ለለመደ ሰው ይህ ራሱ ቱሪዝም ነው።

በወኪሉ ቢሮ የተቀበለኝ ወጣት ጸሐፊም አማርኛ ተናጋሪ ሆነ። እናቱ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ንግግሩ ሁሉ «አቦ» ነው። ሁለት ሳምንት በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተጨቃጨቅኩት ከዚህ ልጅ ጋር መሆኑን ሳውቅ ሁለታችንም ሳቅን። ወረቀቶቼን አየ፣ ኦርጅናሉን ተቀበለኝ፣ ስህተቷን በእስክሪብቶ ከበባት።

«በቃ ይሄ ቀላል ነው አቦ። አለቃው ነገ ይፈርማል። ስምንት ሰዓት ላይ ነይ፤ ተፈርሞ ይጠብቅሻል።»

«ስምንት ሰዓት?»

«ስምንት። እንዳታረፍጂ ብቻ፤ ሐሙስ ነው።»

አመስግኜው ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩት፦ ሐሙስ፣ 8 ሰዓት። የማርፍበት ሆቴል ስደርስም ደግሜ አየሁት። ጥንቁቅ ሠራተኛ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ታዲያ ግማሽ ቀን በእጄ አለ። ማነው የሚቀመጠው? ወደ ባሕሩ ሄድኩ። ኤስካል የሚሉት ትንሽ የጀልባ ማረፊያ አለ፤ ወደ ሙሻ ደሴት የሚሄዱት ከዚያ ይነሳሉ። ያየሁት ባሕር ካሰብኩት ሰማያዊ ይልቅ ዝም ያለ፣ አረንጓዴ ቢጤ ነው። እውነቱን ልናገር? «ላንጋኖን ይመስላል» ብዬ አሰብኩና አፈርኩ። ሽታው ግን የላንጋኖ አይደለም። ጨው፣ ናፍጣና ዓሣ አንድ ላይ። ከርቀት ክሬኖቹ እንደ ቀጭኔ ተገትረዋል። ባዶ እጄን ቆሜ ለማይታወቅ ጊዜ አየኋቸው። አራት ዓመት የጻፍኳቸው ቁጥሮች ሁሉ በእነዚያ እጅ ያለፉ ናቸው።

ከዚያ በእግሬ ወደ መሐል ከተማ። ዳገት የላትም፤ ለእግረኛ የተሠራች ከተማ ናት፤ ቢያንስ በታኅሣሥ። የምኒልክ አደባባይ ደረስኩ። ነጫጭ ቅስት ያላቸው የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች ከበውታል። በይፋ የሚጠራው በነጻነታቸው ቀን፣ በሰኔ 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰው ግን ዛሬም ምኒልክ ይለዋል። አንድ ቡና አዘዝኩና ከቅስቱ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ስሙ የጓዳዬ፣ ቡናው የፈረንሳይ። ከዚያም ወደ ገበያው ዘለቅኩ። በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ገንዘብ የሚመነዝሩ ሴቶች ተደርድረዋል። ብር ያዩበት ዓይን የተለማመደ ነው። አንዷ «ነይ የኔ እናት» አለችኝ። መሐል ፒያሳ የቆምኩ መሰለኝ።

ይኼ ነው ያዘናጋኝ። ቻይና ወይ ዱባይ ብላክ ኖሮ ሰዓቱን አራት ጊዜ እጠይቅ ነበር። እዚህ ግን ታክሲው አማርኛ፣ ጸሐፊው አማርኛ፣ ምንዛሪው አማርኛ። የስልኬ ሰዓት እንኳ ድንበር ስሻገር አልተለወጠም፤ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ውጭ አገር መሆኔን የሚያስታውሰኝ አንድም ነገር አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከተማው ተቀየረ። ክላክስ በክላክስ ሆነ። መኪኖች ይከንፋሉ፣ ሰዎች ይሮጣሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈኑ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ሕዝብ ይጋፋል። ጫቱ ገባ! ከእኛው አገር በየቀኑ ተጭኖ እኩለ ቀን ተሻግሮ ይደርሳል። ዳር ቆሜ እንደ ትርኢት አየሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር አለ። መዝጊያዎች ወረዱ። ያኔ ሆዴ ትንሽ ፈራ፤ ግን ቀጠሮ አለኝ አይደል?

ልክ በስምንት ሰዓት ወኪሉ ቢሮ ደረስኩ። ተዘግቷል። ዘበኛው ጉንጩን ወጥሮ ተቀምጧል።

«ዛሬ አልቋል። ዲማንሽ» አለኝ። እሑድ ማለቱ ነው።

በሩን ደበደብኩት። እኔ በሩን፣ ዘበኛው እኔን እናያለን። ወደ ጸሐፊው እንዳልደውል የያዝኩት የቢሮውን መደበኛ ስልክ ብቻ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ተዘግቷል። እሱም እንዳይደውልልኝ የሰጠሁት የኢትዮጵያ ቁጥሬን ነው፤ እሱ ደግሞ ከቦሌ ጀምሮ ዝግ ነው። የአገሩን ሲም ካርድ ለመግዛት ከምኒልክ አደባባይ ቡና ያነሰ ጊዜ በበቃኝ ነበር።

ዓርብ ከክፍሌ አልወጣሁም። ለአለቃዬ «ቢሮው ተዘግቶ አገኘሁት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ያን ጊዜ ግን በልጁ ላይ ተናድጄ ስለነበር ሙሉ እውነት ነው የመሰለኝ። ቀጥሮኝ የጠፋ፣ ጫት ሲገባ ሥራውን ጥሎ የሄደ ሰው ነው በቃ።

ቅዳሜ ሹፌሩን በአካል ማግኘት ነበረብኝ። ሦስት ቀን የቆመን ሰው በመልእክት ማናገር ነውር ነው። ከገበያው ወደ ባልባላ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ረዳቱ ሳንቲሙን መስኮቱ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይጣራል። መንገዱ ከባሕሩ ሸሽቶ ወደ ደረቁ ሜዳ ይወጣል። ፒኬ 12 ስሙ የመንገዱ ርቀት ነው፤ ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር። ያየሁት ግን የኢትዮጵያ ሰሌዳ የለጠፈ የመኪና ጫካ ነው። ተሳቢ በተሳቢ ላይ። ከሥራቸው ምንጣፍ፣ ምድጃ፣ ጀሪካን፣ የታጠበ ካናቴራ። የሽሮ ሽታ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ በዚህች አገር ያልፋል ብዬ ስንት ጊዜ ሪፖርት ላይ ጽፌያለሁ። እዚያ ግን ዘጠና በመቶውን የተሸከመው ሰው መኪናው ሥር ተኝቶ አየሁት።

ሹፌራችን ትልቅ ሰው ናቸው። አሰብ ሲመላለሱ የነበሩ፤ በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ወደዚህ መስመር የዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሻይ ቀዱልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጁን በደንብ አድርጌ ረገምኩላቸው።

«ስንት ሰዓት ነው ያለሽ?»

«ስምንት።»

«የማን ስምንት?»

ዝም አልኩ።

«እህቴ፣ ልጁ ትምህርት ቤት የገባው በፈረንሳይኛ ነው። አማርኛውን ከእናቱ ተማረ፣ ሰዓቱን ግን ከትምህርት ቤት። የሱ ስምንት ጠዋት ነው። የኛ ሁለት ሰዓት።»

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እኔ ኤስካል ቆሜ ክሬን ስቆጥር ወረቀቴ ተፈርሞ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። «እንዳታረፍጂ፣ ሐሙስ ነው» ያለኝም ትዝ አለኝ። ለከሰዓት ቀጠሮ ማን እንዲህ ይላል?

«እኛማ እዚህ ሰዓት አንጠይቅም» አሉ፤ ረዳታቸው አጠገባችን መሳቅ ጀምሯል። «ከጫት በፊት ነው ወይስ ከጫት በኋላ ብለን ነው የምንጠይቀው። እሱ አይሳሳትም።»

ማታ ሲዬስታ የሚባለው ዳርቻ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ሸሽቶ ልጆች ባሕሩ የነበረበት መሬት ላይ ኳስ ይጫወታሉ። በኋላ መሐል ከተማ ተመልሼ የየመን ዓሣ በላሁ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ በበርበሬ ተቀብቶ በጉድጓድ ምድጃ የሚጠበሰውን፣ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር። እንዲህ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም። እየተናደድኩ ነው የጨረስኩት።

እሑድ ጠዋት በእኛ ሁለት ሰዓት፣ በእነሱ ስምንት፣ በሩ ሲከፈት እኔ ደጅ ነኝ።

«ሐሙስ ጠበቅኩሽ አቦ! እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆየሁ፤ ስልክሽም አይሠራም!» ተቆጥቷል፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

«የት አገር አሥራ ሁለት?» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «በአማርኛ እኮ ነው የነገርኩሽ!»

«ሰዓቱን ግን በፈረንሳይኛ።»

ወረቀቱ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሐሙስ የተፈረመበት ነው፤ ቀኑ ላይ ሐሙስ ይላል። መኪናው እሑድ ማታ ጭኖ በጋላፊ ወጣ። የሦስት ቀን ክፍያው ከወር ደመወዜ ይበልጣል፤ አኃዙን አሁን ድረስ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ «ምክንያቱን በጽሑፍ ግለጪ» ተባልኩ። የሚጠበቅ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ «በወኪሉ ቢሮ መዘጋት ምክንያት» የምትለዋን ሐረግ ጻፍኩ። ታምራለች፤ ማንንም አትከስም። ሹፌሩ ትዝ አሉኝና አጠፋኋት። ከዚያ ሦስት መስመር ጻፍኩ፤ ጸሐፊው ስምንት ሰዓት እንዳለኝ፣ የማን ስምንት እንደሆነ እንዳልጠየቅኩት፣ የአገሩን ስልክ እንዳልገዛሁ።

አለቃዬ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«እኔን ዓርቡ ነው የጎዳኝ» አለ። «የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ዓርብ ጠዋት ከች አልኩ። አንድ ሰው አልነገረኝም።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

ትንሽ አሰበ። «አፍሬ።»

የዚያን ወር ደመወዝ አልነኩብኝም፤ ማስጠንቀቂያ ግን ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፤ እስካሁን አለ። የጉዞ ፎርማችን ላይ ሁለት መስመር ተጨመረ። አንዱ የዕረፍት ቀናትን ይጠይቃል፤ ሌላው ቀጠሮ በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንዲጻፍ ያዛል፤ 08:00 ወይም 14:00 ተብሎ። አዳዲስ ልጆች ሲሞሉት ሁሌ አንድ ሰው ቀና ብሎ «14:00 ስንት ሰዓት ነው?» ይላል።

ከጸሐፊው ጋር አሁንም እንሠራለን። ባለፈው ሳምንት ስለ ሌላ ኮንቴይነር ደወለልኝ።

«ሰው ላኪ አቦ፣ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል።»

«ከጫት በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነው እንጂ! በኋላማ ማን ያገኘኛል።»