አማኝ ታካሚና ሲቢቲ (ሀሳብንና ባህሪን የሚመረምር የንግግር ሕክምና)፦ እምነቱን ሳልነካ ትርጓሜውን የምመረምርበት መንገድ

"ጸሎቴ አልተሰማም፤ ፈጣሪ ጥሎኛል።" ድባቴ የያዘው አማኝ እንዲህ ሲል የምመረምረው ፈጣሪን ወይም ጸሎትን አይደለም። ከ"አልተሰማም" ወደ "ጥሎኛል" የተዘለለውን ዝላይ ነው።

በቅድሚያ ፈቃድ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፦ እምነት በኑሮዎ ምን ቦታ አለው? ሲጨንቅዎ ያጽናናዎታል ወይስ ያስፈራዎታል? እዚህ እንድናነሳው ይፈልጋሉ? "አልፈልግም" ካሉኝ የተለመደውን ሲቢቲ እሠራለሁ፤ ብዙ የሚቀርባቸው ነገር የለም። ተመራማሪው ኮኒግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከባድ ድባቴና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው 132 ሰዎች፣ ከፊሎቹ ሃይማኖታዊውን ከፊሎቹ የተለመደውን ሲቢቲ ወስደው ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኗል።

ከተስማሙ በሀሳብ መመዝገቢያው (ታካሚው የሚያስጨንቀውን ሀሳብ በሚጽፍበት ሰንጠረዥ) ላይ አንድ ዓምድ እጨምራለሁ። ሁኔታው፣ ስሜቱ ከ0 እስከ 100፣ ሀሳቡ፣ ደጋፊ ማስረጃ፣ ተቃራኒ ማስረጃ፤ ቀጥሎ "እምነቴ ስለዚህ ምን ያስተምራል?" የሚለው። በዚህ ዓምድ የምጠይቀው "በእምነትዎ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ጸልዮ መልስ ያላገኘ፣ ነገር ግን ያልተጣለ ሰው አለ?" ብዬ ነው። ስሙን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጥቅሱን እኔ ካመጣሁት ስብከት ይሆናል፤ ያልተዋጠለት ታካሚም ጥርጣሬውን ይደብቀኛል። "ጥሎኛል" የሚለውን ሀሳብ እውነት ነው ብለው የሚያምኑበት መጠን (ከ100) ከ90 ወደ 60 ከወረደ ደህና ሥራ ነው። በአንድ ቀን ዜሮ ከገባ እኔን ለማስደሰት የተጻፈ ይመስለኛል።

ይህን ዓምድ ከማስረጃዎቹ በፊት ማስሞላት ትልቅ ስህተት ነው። ጥቅሱ ኀዘኑን ይከድነዋል፤ ሰውየው "የማዝነው እምነቴ ስለጎደለ ነው" ብሎ በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ይደርባል።

ጸሎትን የቤት ሥራ ከማድረጌ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አጣራለሁ፦ "አንድ ጊዜ ብቻ ጸልየው ቢተዉት ምን ይሰማዎታል?" ፍርሃት ከሆነ፣ "በትክክል አልወጣልኝም" እያሉ የሚደጋግሙት ከሆነ ኦሲዲን (በማይፈለግ ሀሳብ ተጨንቆ አንድን ድርጊት ደጋግሞ የማድረግ ሕመም) እጠረጥራለሁ። እዚያ ላይ ተጨማሪ ጸሎት ማዘዝ እሳት ላይ ዘይት ነው። የሚሠራው አንድ ጊዜ ጸልዮ፣ ሳይደግሙ፣ ከጥርጣሬው ጋር መቆየት ነው። እምነቱ የሚከለክለውን ማስደረግ ግን አያስፈልግም። ሥርዓቱ ስንት ጊዜ እንደሚያዝ በታካሚው ፈቃድ የሃይማኖት መምህሩን አንድ ጊዜ እንጠይቃለን። ደጋግሞ መጠየቁ ራሱ የሕመሙ አካል ነው።

"ወደ አምልኮ ይመለሱ" የሚለው የቤት ሥራም አይሠራም፤ በጣም ሰፊ ነው። "እሑድ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ከኋላ ተቀምጠው" ይሠራል፤ ከመሄድ በፊትና በኋላ ስሜታቸውን ከ0 እስከ 10 ይጽፋሉ።

ስለ ሞት ስጠይቅ "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" የሚል መልስ አገኛለሁ። ጥሩ መከላከያ ነው፤ እኔ ግን እዚያ አላቆምም። "ፈጣሪ በወሰደኝ" የሚለውን እንደ ተራ ምሬት ሳላልፍ፣ ራሳቸውን የማጥፋት ዕቅድ እንዳላቸውና መሣሪያ ወይም መድኃኒት በእጃቸው እንዳለ በግልጽ እጠይቃለሁ።