«ትችያለሽ?» ሲሉኝ ሁሉንም «አዎ» አልኩ

ብቻዬን ልኖር ነው ስል እናቴ ለሁለት ቀን ዘጋችኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ሌሊት ብትወድቂስ?» መልስ አልነበረኝም። ሆኖም ወጣሁ።

ጉዳቴ አንገት ላይ፣ ህብለ ሰረሰሬ ላይ ነው። እግሬ አይንቀሳቀስም፣ ጣቶቼም አይታዘዙኝም። የእጅ አንጓዬን ወደ ላይ ቀና ሳደርግ ግን ጣቶቼ በራሳቸው ጊዜ ይታጠፋሉ። በዚያች ዘዴ ስልክ አነሳለሁ፣ የጥርስ ብሩሽ እይዛለሁ።

የቤት ለቤት ድጋፍ ከመጀመሩ በፊት ግምገማ አለ። ገምጋሚዋ ቅጿን ዘርግታ ቁጭ አለች።

«ልብስ መልበስ ትችያለሽ?»

«አዎ።»

«ካልሲስ?»

«አዎ።»

አልዋሸሁም። ካልሲ አደርጋለሁ። ሁለቱን አድርጌ እስክጨርስ 25 ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ ከዚያ በኋላ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ገላ መታጠቡም ለነገ ይተላለፋል። ይህን ግን አልነገርኳትም። ሆስፒታል እያለሁ አንድ ነገር በቻልኩ ቁጥር «ጎበዝ!» ሲሉኝ ከርመዋል። «አልችልም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

በቀን የአንድ ሰዓት ድጋፍ ፈቀዱልኝ። ጠዋት ብቻ።

ሁለት ወር እንደምንም ተፍጨረጨርኩ። አንድ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ትንሿ ጣቴ አጠገብ ቀይ ነገር አየሁ። ስጫነው አይጠፋም። የካልሲው ስፌት ታጥፎ ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ ሲጫነኝ ውሏል፣ እኔ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይሰማኝም። እንዲህ ያለ ቀይ ነገር የቁስል መጀመሪያ ነው። ለሁለት ሳምንት ጫማ ማድረግ ቀረ።

እንደ እኔው በዊልቸር ለምትንቀሳቀስ አንዲት ታላቄ ደወልኩ። ብቻዋን መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። ሰምታኝ ስታበቃ ሳቀችብኝ። «አንቺ፣ ፈተና መሰለሽ እንዴ? ይኼውልሽ፣ አለፍሽው!» ከዚያ ደብተር አስያዘችኝ። ለሁለት ሳምንት ምን እንደሠራሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ፣ በእሱ ምክንያት ምን እንደቀረብኝ ጻፍኩ። «ክፉውን ቀን ሳትጽፊ እንዳታልፊ» አለችኝ። በሁለተኛው ግምገማ አፌን ይዤ ደብተሩን ሰጠሁ። ጠዋት የሁለት ሰዓት፣ ማታ የአንድ ሰዓት ድጋፍ ተፈቀደልኝ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ሰው የሚልክልኝ ድርጅት የማታውን ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አደረገው። አስቡት፣ ሙሉ ሰው በዚያ ሰዓት አልጋ ላይ ወጥቶ ኮርኒስ ሲቆጥር! የሚመጣውም ሰው በየሳምንቱ ይቀያየራል። ሽንቴን ለማስወጣት በተገጠመልኝ ቱቦ ጉዳይ ማብራሪያ ያልሰጠሁት ሰው የቀረ አይመስለኝም።

ስለ ኤድ ሮበርትስ ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው። በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ ያደረገው ሰው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በርክሌይ ከተማ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩትን የድጋፍ ማዕከል አቋቋመ። በእጁ ብዙ ነገር አይሠራም ነበር። የሚወስነው ግን እሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 19 ላይ የት እና ከማን ጋር እንደምንኖር መምረጥን መብት ያደርገዋል፣ የግል ረዳትንም በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ ረዳቴን ራሴ መርጬ ሰዓቱንም ራሴ የማወጣበትን አሠራር ጠየቅኩ። ወረቀቱ አታካች ነበር። አገኘሁት።

ረዳት ማሠራት ሙያ መሆኑን ማን ነገረኝ? መጀመሪያ ላይ ይሉኝታ ይዞኝ «እንደሚመችሽ አድርጊው» እል ነበር። ረዳቴም እንደሚመቻት ታደርገዋለች። አሁን «ካልሲውን ገልብጪና ስፌቱን ወደ ውጪ አድርጊው፣ ከዚያ በመዳፍሽ ዳብሺው» እላለሁ። እሷም በዚህ ተገላገለች።

አንድ ጠዋት ታመመችና ቀረች። እስከ እኩለ ቀን አልጋ ላይ ነበርኩ። የሽንት ቱቦው ከሥሬ ታጥፎ ኖሮ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። እንደ እኔ ላለ ጉዳት የሞላ ፊኛ የደም ግፊትን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያንረው ይችላል፣ ቀልድ አይደለም። በመጨረሻ ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ከዚያ ወዲህ የሦስት ተጠባባቂ ሰዎች ስልክ አለኝ። የቤቴ ቁልፍ በር ላይ በቁጥር በሚከፈት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንገቴ ላይ ደግሞ የጥሪ ማንቂያ አንጠለጥላለሁ።

ባለፈው ወር ሌሊት ወደቅኩ። ማንቂያውን ተጫንኩ። ጎረቤቴ ቀድማ ደረሰች፣ ለማንሳት ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ረዳቴ እስክትመጣ ወለሉ ላይ አብራኝ ቁጭ አለች።

ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ብርድ ልብስ ደርባልሽ ነበር?»

«ደርባልኝ ነበር።»

«ተይ እንግዲህ» አለችና ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት ጀመረች።